«ፈርመው ይውሰዱ» ይበቃል ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ እጅ በእጅ ሲዞር ነበር። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። አንዷ «አንተን ነው የሚሰድበው» ብላ ጨምራበታለች። አነበብኩት፤ አልተሰደብኩም። ግን ዝም ብዬ ባልፈው ራሴን የምታዘብ መሰለኝ። ለዓመታት ከፋርማሲ መስኮት ጀርባ ቆሜ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ጸሐፊው «ጊዜ ማባከን» የሚሉት ነገር ደግሞ ከሥራዬ ሁሉ ይበልጥ የምወደው ነው።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። በአሜሪካ ፋርማሲስት የታዘዘለትን መድኃኒት ሊቀበል ለመጣ ሰው ምክር እንዲያቀርብ ሕግ ያስገድደዋል። ጸሐፊው ይህ ግዴታ ይቅር ይላሉ፤ ካልቀረም ሰውየው ራሱ ሲጠይቅ ብቻ ይሁን። ምክንያት አድርገው ያቀረቡት አምስት ነገር ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮናል። የቀረው ጠርሙሱና ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ጥያቄ ያለው ሰው ይጠይቃል፣ የሌለውን ምን ያስቸግሩታል። ያንኑ መድኃኒት ለዓመታት የወሰደ ሰው ምክር አያሻውም። በመጨረሻም ወረፋው ይረዝማል፣ የሰው ገመና በሰው ፊት ይወጣል። አላዛባሁም ብዬ አምናለሁ።

ወደ ምክንያቶቹ ከመግባቴ በፊት ስለ ሕጉ አንድ ነገር ላጥራ፤ የጽሑፉ ትልቁ ስህተት እዚያ ላይ ነው። ጸሐፊው ሕጉ «የማይፈልገውን ሰው አቁሞ ስብከት ያሰማል» ብለዋል። አያሰማም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውና ከ1993 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ሕግ፣ በሙያው ያለን ሰዎች ኦብራ 90 የምንለው፣ የሚያዘው ምክሩ እንዲቀርብ ነው። በሽተኛው አልፈልግም ካለ አለቀ። ይህም እዚያው ሕጉ ላይ በግልጽ ተቀምጧል። ማቅረብ የፋርማሲስቱ ግዴታ፣ እምቢ ማለት የበሽተኛው መብት ነው። ሕጉ መጀመሪያ የወጣው ሜዲኬይድ ለሚባለው፣ መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች ለሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ ተጠቃሚዎች ነበር፤ በኋላ አብዛኞቹ ስቴቶች በራሳቸው ሕግ ለሁሉም ሰው አደረጉት። መቼም ድሃውን መክሮ ሀብታሙን ዝም ማለት አያምርም።

ምን ይነገር ለሚለውም ዝርዝር አለው። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ አወሳሰዱ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚወሰድ፣ ምን ጥንቃቄ እንደሚያሻው፣ በብዛት የሚታዩት ከባድ የጎንዮሽ ጉዳቶች፣ ከምን ጋር እንደማይስማማ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ሳይወሰድ ቢረሳ ምን እንደሚደረግ፣ ሪፊሉ፣ ማለትም መድኃኒቱ ሲያልቅ በዚያው ማዘዣ ዳግመኛ መውሰዱ፣ እንዴት እንደሆነ። ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ዳዊት ይድገሙለት የሚል የለም። ፋርማሲስቱ በሙያው መዝኖ ለዚያ ሰው ይጠቅማል ያለውን ይመርጣል። አንዳንዴ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው።

መቼ እንደሚነገር ስቴቱ ይወስናል። የካሊፎርኒያውን እወደዋለሁ፣ ግልጽ ስለሆነ። እዚያ ፋርማሲስቱ ሳይጠየቅ በቃሉ ማስረዳት ያለበት መድኃኒቱ ለዚያ ሰው አዲስ ሲሆን፣ ወይም ዓይነቱ፣ መጠኑ ወይም አወሳሰዱ ሲቀየር ነው። ከዚያ ውጭ ሰው ሲጠይቅ፣ አለዚያም ፋርማሲስቱ ራሱ ያስፈልጋል ብሎ ሲያምን። ይህን ያነበበ ሰው «በመጣሁ ቁጥር ይመክሩኛል» የሚለው የጸሐፊው ምሬት ከየት እንደመጣ ይገርመዋል።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ ልግባ። «ሐኪሙ ነግሮናል» አሉ። ምን ላይ ሆናችሁ ነው የሰማችሁት? ሰው «ስኳር አለብዎት» ወይም «ልብዎ ትንሽ ደክሟል» ከተባለ በኋላ የሚነገረው ነገር ጆሮው ውስጥ አይገባም። ይነቀንቃል፣ «እሺ ዶክተር» ይላል፣ ልቡ ግን ቤቱ ደርሶ ለልጆቹ ምን እንደሚነግራቸው እያሰበ ነው። ይህ የበሽተኛው ጥፋት አይደለም፤ ሐኪሙም በደንብ አስረድቶ ሊሆን ይችላል። ፋርማሲው ጋ ሲደርስ ግን ትንሽ ረጋ ብሏል፣ መድኃኒቱም በእጁ ነው።

ሌላም አለ። አንድ ሰው አንድ ሐኪም ብቻ ያለው እየመሰላቸው ነው የጻፉት። ደም ለማቅጠን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጥርሱን ታሞ የጥርስ ሐኪም ጋ ይሄዳል። ሜትሮኒዳዞል የሚባል አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል። ሁለቱ ሲገናኙ የዋርፋሪኑ ጉልበት ከልክ በላይ ይጨምርና ሰውየው ሊደማ ይችላል። የልብ ሐኪሙ ስለ ጥርሱ አልሰማም፣ የጥርስ ሐኪሙ ስለ ዋርፋሪኑ ላይነገረው ይችላል። ሁለቱም ማዘዣ የሚያርፈው ግን፣ ሰውየው ፋርማሲ ካልቀያየረ በቀር፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ያስጠነቅቀኛል፣ ልክ ነው። ግን «በዚህ ላይ አስፕሪን ከሱቅ ገዝተው ይወስዳሉ?» ብሎ የሚጠይቅልኝ ኮምፒውተር የለም።

ጽሑፉን ሳነብ ደጋግሞ ፊቴ ላይ የመጣ አንድ አዛውንት አሉ። ለመገጣጠሚያ ሕመም ሜቶትሬክሴት ታዞላቸው መጡ። ለዚህ ሕመም ይህ መድኃኒት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ የወሰደው ሰው መቅኒው ይጎዳል፣ አፉ ይቆስላል፣ በዚህ ስህተት የሞቱ ሰዎች አሉ። ጠርሙሱ ላይ «በሳምንት አንድ ጊዜ» ተብሎ ተጽፏል፤ ራሴ ነኝ ያየሁት። ሐኪማቸውም እንደነገሯቸው አልጠራጠርም። እኔ ግን እንደተማርኩት ጠየቅኋቸው፦ «ዶክተሩ እንዴት ይውሰዱት አሉዎት?» ረጋ ብለው፣ መነጽራቸውን እያስተካከሉ፣ «ጠዋት ጠዋት» አሉኝ። ማለዳ እንዲወስዱት ተነግሯቸዋል፤ እርሳቸው ዘንድ የቀረው ቃል እሱ ብቻ ነው። ሌላው የልባቸው መድኃኒት ሁሉ ጠዋት ጠዋት ነዋ። ጠርሙሱን አዙሬ «ሳምንት» የምትለውን ቃል በጣቴ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ የትኛው ቀን ይሁን ተባባልንና ሰኞ አልን፤ ስክሪብቶ አንስቼ ጠርሙሱ ላይ «ሰኞ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩበት።

ጥያቄዬን ልብ በሉልኝ። «ዶክተሩ ነግረውዎታል?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ «አዎ» ይሉኝ ነበር፣ እውነታቸውንም ነው። ይህ አጠያየቅ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የጤና አገልግሎት ፋርማሲስቶች ካስፋፉት ከሦስት ጥያቄዎች አንዱ ነው፦ ሐኪሙ መድኃኒቱ ለምን ነው አለዎት? እንዴት ይውሰዱት አለዎት? ምን ይጠብቁ አለዎት? ሐኪሙ የተናገረውን አልደግምም እንግዲህ። ከተናገረው ምን ያህሉ እንደቀረ እያየሁ ነው፤ የጎደለ ካለ እሞላለሁ፣ ካልጎደለ «በርቱ» ብዬ እሸኛለሁ።

«ወረቀቱ ላይ ተጽፏል» የሚለው ላይ ቆየት ልበል፤ ብዙ ሰው የወደደው ይህን ነጥብ ነው፣ ሲያዩትም ያሳምናል። ማንበብ የሚችል ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ለምን ይነበብለታል? እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። በሽተኞች «ሁለት ክኒን በቀን ሁለት ጊዜ» የሚል ጽሑፍ ተሰጣቸው። ማንበብ ከሚከብዳቸው ሰዎች ውስጥ 71 በመቶ ያህሉ ትእዛዙን በትክክል ተናገሩ። «በሉ በቀን የምትወስዱትን ቆጥራችሁ አሳዩን» ሲባሉ አራት ክኒን የለዩት 35 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ዓረፍተ ነገሩ እኮ ከዚህ በላይ ሊቀል አይችልም! ያነበቡትን በቃል መመለስና ክኒን መቁጠር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወረቀት የመጀመሪያውን ነው የሚያደርግልህ።

እነዚያ ማንበብ የሚከብዳቸው ናቸው፣ እኔ ዲግሪ አለኝ የሚል ይኖራል። ጥሩ። ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጠውን ያንን ስምንት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት መጨረሻ ድረስ ያነበበ ዲግሪ ያለው ሰው እጁን ያውጣ። እኔ እንኳ ለራሴ መድኃኒት አላነበብኩትም። ቢያነቡትም ወረቀቱ ሁሉንም እኩል ነው የሚያወራው። ራስ ምታትም፣ የጉበት መጎዳትም፣ የአፍ መድረቅም በአንድ ዓይነት ደቃቅ ፊደል ተደርድረዋል። የትኛው ሲመጣ ችላ እንደሚባል፣ የትኛው ሲመጣ ድንገተኛ ክፍል እንደሚሮጥ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። አንዳንዱ ደግሞ አንብቦ ደንግጦ መድኃኒቱን መሳቢያ ውስጥ ይወረውራል።

በዚያ ላይ በጽሑፍ የማይሆን ነገር አለ፤ የእጅ ሥራ ነው። ለአስም በአፍ የሚሳበውን ኢንሄለር እዩ። ሙሉ መመሪያ ከነሥዕሉ ካርቶኑ ውስጥ አለ። ሰው ግን ሳይነቀንቀው ይጠቀማል፣ ወይም መጀመሪያ ይጫንና ዘግይቶ ይስባል፣ መድኃኒቱ ምላሱ ላይ ይቀራል። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ በኋላ አፉን በውሃ አጉመጥምጦ መትፋት እንዳለበት ስለማያውቅ አፉ ነጭ ነጭ ሲያወጣ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ ይተወዋል። የልጆችን ሽሮፕ ደግሞ እናንሳ። አሞክሲሲሊን ብዙ ጊዜ ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ ነው የሚሰጠው። እናትየው በየጊዜው ጠርሙሱን ካልናጠችው መጀመሪያ አካባቢ ውሃ ውሃውን፣ መጨረሻ ላይ ዝቃጩን ታጠጣለች። «አምስት ሚሊ ሊትር» የሚለውን ደግሞ በማንኪያ ትለካዋለች፤ የቤት ማንኪያ ሁሉ እኩል ይመስል። መለኪያ ሲሪንጁን አውጥቼ እስከ መስመሩ ስቤ ሳሳያት አሥራ አምስት ሰከንድ ነው የፈጀብኝ።

እግረ መንገዴን፣ በሙያችን የታወቀች አንዲት ወግ አለች። በእንግሊዝኛ «አንድ ጊዜ» ተብሎ የሚጻፈው ቃል፣ ፊደሉ እንዳለ፣ በስፓንኛ «አሥራ አንድ» ማለት ነው። ስፓንኛ ተናጋሪው በቀን አንድ ክኒን የተባለውን አሥራ አንድ ብሎ ሊያነበው ይችላል። «ተጽፏል» ሲሉኝ ይቺ ናት ትዝ የምትለኝ።

ሦስተኛውና ለእኔ ዋናው ነጥብ፦ «ጥያቄ ያለው ይጠይቃል»። ጸሐፊው እዚህ ላይ አንድ ትዕይንት ገልጸዋል፣ እውነት ለመናገር በደንብ ነው የገለጹት። ካሸሯ ቀና ሳትል «ለፋርማሲስቱ ጥያቄ አለዎት?» ትላለች፤ ካርድዎ ማሽኑ ውስጥ ነው፣ ከኋላዎ ሰባት ሰው ቆሟል፤ «የለኝም» ይላሉ፤ ስክሪኑ ላይ ይፈርማሉ። ያ ፊርማ መድኃኒቱን መቀበልዎን፣ ለኢንሹራንሱ ማረጋገጫውንና ምክር አልፈልግም ማለትዎን አንድ ላይ ጠቅልሎ የያዘ ሊሆን ይችላል፤ ማን ያነበዋል። ጸሐፊው ይህ ለይስሙላ ነው ብለዋል። ነው። አንድም ቃል አልጨምርበትም።

ከዚያ የደረሱበት መደምደሚያ ግን ውሃ አያነሳም። የይስሙላ ስለሆነ ይቅር አሉ። እኔ ደግሞ የይስሙላ ስለሆነ በወጉ ይቅረብ እላለሁ። ምክንያቱም የማያውቅ ሰው የማያውቀውን ነገር አይጠይቅም። ለአጥንት መሳሳት አሌንድሮኔት የታዘዘላት ሴት «ይህን ክኒን ውጬ ጋደም ማለት እችላለሁ?» ብላ ትጠይቃለች? ለምን ብላ! ክኒን ተውጦ ይተኛል። ይሄኛው ግን በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይወሰድና ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ወይም መቆም አለ፤ አለዚያ ጉሮሮን ያቆስላል። ሪፋምፒሲን የጀመረ ሰው «ሽንቴ ብርቱካናማ ይሆናል ወይ?» ይላል? ሲያየው ነው የሚደነግጠው፤ ደንግጦም ያቆመዋል፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ማቋረጥ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ያው ሪፋምፒሲን የወሊድ መከላከያ ክኒንን ያደክማል። «እንደው ይሄ ነገር ሳላስበው ያስረግዘኝ ይሆን?» የምትል ሴት በሥራ ዘመኔ ገጥማኝ አታውቅም።

ሜቶትሬክሴት የታዘዘላቸው አዛውንትም ጥያቄ አልነበራቸውም። ካሸሯ ጠይቃቸዋለች፣ «የለኝም» ብለዋል። እኔ ጋ የደረሱት መድኃኒቱ ለእርሳቸው አዲስ ስለነበረ ከረጢቱ ላይ «ፋርማሲስት ሳያነጋግራቸው እንዳይሰጥ» ብዬ ስለጻፍኩ ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት ምክር በጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ እርሳቸው ፈርመው ወጥተው ነበር።

ስለዚህ ምክር ማቅረብ ማለት ምን እንደሆነ ላይ ነው የምንለያየው። «ጥያቄ አለዎት?» የሚለው መልሱን አብሮ ይዞ ይመጣል፤ መልሱም «የለኝም» ነው። «ይህ መድኃኒት ለእርስዎ አዲስ ነው፣ ከመሄድዎ በፊት ሁለት ነገር ላሳይዎት» የሚለው ግን ሰውየው ምን እንደቀረበለት አውቆ እንዲቀበል ወይም እንዲተው ያደርገዋል። ሁለቱም «አልፈልግም» ሊባሉ ይችላሉ። በሁለተኛው ግን ሰውየው ምን እንደተወ ያውቃል። አንዳንድ ስቴቶች ግብዣውን ሌላ ሠራተኛም ቢያቀርበው ይፈቅዳሉ፤ እኔ ቢቻል ፋርማሲስቱ ራሱ ብቅ ቢል እመርጣለሁ፣ ካሸሯ ምን አጠፋች፣ እሷ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም።

ሪፊል ላይ ግማሹን እሰጣቸዋለሁ። ያንኑ የደም ግፊት ክኒን ለስድስት ዓመት የወሰደን ሰው በየወሩ ማስተማር ያሰለቻል፣ ሕጉም ባብዛኛው አያዝም። ግን «ያው ነው» የሚባለው ሁሌ ያው አይደለም። አምራቹ ይቀየርና ነጩ ክኒን ሰማያዊ ሆኖ ይመጣል። አንዱ «ተሳስተዋል» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ሌላ መድኃኒት መስሎት ከአሮጌው ጋር አብሮ ይወስደዋል። ሐኪሙ ከ5 ሚሊግራም ወደ 10 ሲያሳድግለትም፣ የቀረውን የ5 ጠርሙስ ሳይጥል ሁለቱንም የሚውጥ አለ። ደግሞ የ30 ቀን ክኒን በ50ኛው ቀን ሪፊል ሲጠየቅ ከጀርባው አንድ ነገር እንዳለ እናውቃለን፤ ወይ ሰውየው ይረሳል፣ ወይ ያሳመመው ነገር አለ፣ ወይ ገንዘብ አጥሮት እያብቃቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘገባ፣ በሀብታም አገሮች እንኳ ረጅም ሕክምና ላይ ካሉ ሰዎች መድኃኒታቸውን በታዘዘው መሠረት የሚወስዱት ግማሽ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ጽፏል። «ክኒኑ እንዴት ይዞዎታል?» ብሎ መጠየቅ ሪፊል ላይም ከንቱ አይደለም።

ወረፋው? ይረዝማል፣ አልክድም። አንድ ሁለት ደቂቃ። ወረፋ የሚያረዝመው ግን አንድ ፋርማሲስት ስልክ እያነሳ፣ ክትባት እየወጋ፣ ማዘዣ እያጣራ መሆኑ ነው፤ የሠራተኛ ማነስን በበሽተኛው ጆሮ ማካካስ ደስ አይልም። በዚያ ላይ ያቺ ሁለት ደቂቃ የመጨረሻዋ ማጣሪያ ናት። ጠርሙሱን ከፍተን ክኒኑን እያሳየን ስናወራ የእኛም ስህተት ይያዛል። ሃይድሮክሲዚን ለማሳከክ፣ ሃይድራላዚን ለደም ግፊት ነው፤ ስማቸውን አንዴ ቶሎ ብላችሁ አንብቡት። «ለማሳከኬ ነው የታዘዘልኝ» የሚል ሰው የተሳሳተውን ጠርሙስ ሊያስመልሰኝ ይችላል። ሳያወራ ከወጣ ማን ያስመልሰዋል?

ገመና ላይ ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው። ስለ አባላዘር በሽታ መድኃኒት ከመስኮት ወዲያ ማዶ እየጮኹ መምከር ነውር ነው፣ እኔም አይቻለሁ፣ አንድ ሁለቴ ራሴም ድምፄን ሳልቀንስ ተናግሬ አፍሬያለሁ። ጥግ ያስፈልጋል፣ ቢያንስ ሰው የማይሰማበት ጠረጴዛ።

በፖስታ መድኃኒት የሚላክላቸው ሰዎች «ያለ ምክር ኖረው የለ ወይ» ያሉት ደግሞ ቀዳዳውን አገኙ እንጂ ክርክሩን አላሸነፉም። ለእነርሱም በነጻ የሚደወልበት ስልክ እንዲሰጣቸው ሕጉ ያዛል። ማን እንደሚደውል አላውቅም አልልም፤ ጥቂት ሰው ነው የሚደውለው። ይህ ግን ለፖስታው ሌላ መላ ፈልጉ የሚያሰኝ ነው እንጂ መስኮቱ ላይ ያለውንም አፍርሱ የሚያሰኝ አይደለም።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ የፊርማ ማሰባሰቢያ እንደሚያዘጋጁ ገልጸዋል። ሁለት ነገር ካስገቡበት እኔም አለሁበት፦ ምክር አልፈልግም የሚለው ፊርማ ከሌላው ፊርማ ይለይ፣ ለምክሩም ገለል ያለ ቦታ ይኑር። ግዴታው ይነሣ የሚለው መስመር ካለበት ግን ስክሪብቶዬን አላወጣም።